ካርቶን ላይ መጻፍ፦ በማኅተም፣ በፕሪንተር ወይስ በስቲከር?

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ የማሸጊያና የኅትመት ባለሙያ ጋብዘናል። ምርት የሚጫንበት ካርቶን ላይ ስም፣ ቀን፣ ባች ቁጥር (በአንድ ዙር የተመረተው ምርት መለያ) እና ባርኮድ በምን ቢጻፍ ይሻላል የሚለውን እናንተ ጠየቃችሁ፣ እሳቸው መለሱ።

ከቃሊቲ የደወሉ አድማጭ፦ «አነስተኛ የሳሙና ማምረቻ አለኝ። በቀን ወደ 300 ካርቶን እናወጣለን። የምንጽፈው በስቴንስል፣ ማለትም ፊደሉ ተቆርጦ በወጣለት ቆርቆሮ፣ እና በስፖንጅ ነው። አንድ ነጋዴ በእጅ የሚያዝ ፕሪንተር ግዛ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። ልግዛ?»

ጋሼ፣ ከማሽኑ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ካርቶኑ ላይ ከሚጻፈው ውስጥ ከቀን ቀን የሚቀየረው የትኛው ነው? የሳሙናው ስም አይቀየርም። አርማው፣ ክብደቱ፣ የፍሬው ብዛት፣ ዝናብ እንዳይነካው የምትለዋ ዣንጥላ፣ ወደ ላይ የሚያሳዩት ሁለት ቀስቶች፣ ይሄ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ስለዚህ ካርቶኑን የሚሠራልዎት ፋብሪካ አብሮ ያትመው። እነሱ የሚያትሙት በላስቲክ ፕሌት ነው፤ ፕሌቱ አንዴ ይከፈልበታል እንጂ በየካርቶኑ የሚጨምረው ያን ያህል አይደለም። ለእርስዎ የሚቀረው ቀንና ባች ቁጥር ብቻ ነው። ለ300 ካርቶን ደግሞ ቁጥሩ እየዞረ የሚቀየር የላስቲክ ማኅተም ይበቃል።

ስቴንስልን የሚንቁ አሉ፣ እኔ አልንቀውም። መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ግን የኛ ፊደል ያስቸግረዋል። የ«መ» እና የ«ወ» ሆድ ሲቆረጥ ይወድቃል፤ እንዳይወድቅ መያዣ ይተውለታል፤ መያዣው ከቀጠነ ደግሞ ቀለም ከሥሩ ይሰርጋል። ሠራተኛው ስፖንጁን አብዝቶ ካረጠበውማ 3 እና 8 አይለዩም።

ፕሪንተሩ የሚያዋጣው ባቹ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ሲቀየር ወይም እያንዳንዱ ካርቶን የራሱ ተከታታይ ቁጥር ሲኖረው ነው። ያኔም ሻጩን መጀመሪያ ስለ ካርትሪጁ፣ ማለትም ስለ ቀለም መያዣው፣ ይጠይቁት፣ የማሽኑ ዋጋ ይቆይ። ብዙዎቹ 42 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ካርትሪጅ ነው የሚጠቀሙት፤ አንዳንዱ ማሽን ግን የራሱ ቺፕ ያለበት ካልሆነ አልቀበልም ይላል፣ ሰው የሚታሰረው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ካርትሪጅ ስንት ካርቶን እንደሚጽፍ በራስዎ ጽሑፍ፣ በራስዎ ካርቶን ላይ ያስሞክሩት። ማታ ክዳኑ ሳይገጠም ካደረ ደግሞ በበጋው ደረቅ አየር ቀለሙ አፍንጫው ላይ ይደርቅና ጠዋት ጽሑፉ መሃሉ ላይ ባዶ መስመር ይዞ ይወጣል።

ከባቱ የደወለች አድማጭ፦ «የጽጌረዳ እርሻ ማሸጊያ ክፍል ነው የምሠራው። ስቲከሩ ቀዝቃዛ ክፍል ገብቶ ሲወጣ ይላቀቃል። አንዳንዱ ደግሞ ተለጥፎ ይቆያል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም።»

እህቴ፣ ያመጣሽልኝ ሁለት በሽታ ነው፣ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው። ለመላቀቁ ተጠያቂው ሙጫው ነው። መቼ ነው የምትለጥፉት? ካርቶኑ ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥቶ ላብ ላብ ካለው በኋላ ከሆነ፣ የትኛውም ውድ ሙጫ አይይዝላችሁም፤ የሚጣበቀው ከውሃው ጋር ነዋ። ካርቶኑ ደረቅ ሳለ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ከመግባቱ በፊት፣ አቧራውን በጨርቅ ጠርጋችሁ ለጥፉና በመዳፍ ከመሃል ወደ ዳር ተጫኑት። ስቲከር ስታዝዙ ሁለት ቁጥር ጠይቁ፦ ስንት ዲግሪ ላይ ይለጠፋል፣ ከተለጠፈ በኋላስ እስከ ስንት ዲግሪ ይችላል? ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ሻጮች ግን የሚነግሩሽ ሁለተኛውን ብቻ ነው።

የጽሑፉ ነገር ሌላ ነው። አንድ ስቲከር አንሺና በጥፍርሽ ፈጠን አድርገሽ ፋቂው። ጥቁር መስመር ካወጣ በሙቀት የሚጠቁር ወረቀት ነው፤ ቀለም የሚባል ነገር የለበትም፣ የሱፐርማርኬት ደረሰኝ ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ይደበዝዛል፣ ሙቀት ሲያገኘው ወረቀቱ ራሱ ይጠቁራል። ቦሌ እስኪጫን ፀሐይ ላይ ከቆየ፣ የዝርያው ስም፣ የግንዱ ርዝመትና የአበባው ብዛት ሆላንድ ሲደርስ ማን ያነበዋል? ሪባን፣ ማለትም ቀለም የተቀባ ስስ ጥቅል፣ ወደሚጠቀመው ፕሪንተር ዙሩ። የሰም ሪባን ርካሽ ነው፣ ለተራ ወረቀት ይሆናል። እንደናንተ እርጥበትና መፋተግ ላለበት ግን ሰምና ሬዚን (ጠንካራ ሙጫ መሰል ነገር) የተቀላቀለበትን ውሰዱ። ብዙ ፕሪንተሮች ሁለቱንም መንገድ ስለሚሠሩ፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ክፈቱና የሪባን ቦታ እንዳለው እዩ።

ከአዳማ የደወለ አድማጭ፦ «የብስኩት ካርቶን ላይ ባርኮድ በቀይ ቀለም አሳተምን፣ ከአርማችን ጋር እንዲሄድ። የገዢው ስካነር ግን ወፍ የለም!»

አይኖርማ! አብዛኛው ስካነር የሚያበራው ቀይ ብርሃን ነው፤ በቀይ ብርሃን ፊት ቀይ መስመር ከነጭ አይለይም። ጥቁር አድርገው። ቡናማ ካርቶን ላይ ጥቁሩም ቢሆን እንደ ነጭ ወረቀት አይጎላም፣ ስለዚህ መስመሮቹ ወፈር ይበሉ። ለካርቶን የተለመደው የባርኮድ ዓይነት ባለ 14 አሃዙ አይቲኤፍ-14 ነው። መስመሮቹ ወፍራም ስለሆኑ ሻካራ ካርቶን ላይ በቀጥታ መታተም ይችላል። ዙሪያውን ያለው ወፍራም ጥቁር ፍሬም ለጌጥ እንዳይመስልህ፤ ስካነሩ ግማሹን ብቻ አንብቦ የተሳሳተ ቁጥር እንዳያወጣ ይከላከላል። የባርኮዱ ሥር ከካርቶኑ ወለል 32 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከጎን ጠርዝም ቢያንስ 19 ሚሊ ሜትር ይግባ። ጠርዝ ላይ ካተምከው ሲጫንና ሲወርድ ተፍቆ ያልቃል።

በእጅ ፕሪንተር ልሞክረው ካልክ፣ አትሞክር። ባለ አንድ ካርትሪጁ በአንዴ የሚጽፈው 12.7 ሚሊ ሜትር ቁመት ነው፤ የዚህ ባርኮድ ቁመት ደግሞ ወደ 32 ይጠጋል። እጅህ ሲዘገይና ሲፈጥን ካርቶኑ ላይ የሚንከባለለው የፕሪንተሩ መንኮራኩር ከተንሸራተተም መስመሩ ይለጠጣል። ወይ ፋብሪካው ያትመው፣ ወይ ነጭ ስቲከር ላይ አውጣው።

ከባሕር ዳር የደወለ አድማጭ፦ «ፕሪንተሩን ገዛነው፣ አማርኛ ሲጻፍበት ባዶ ሳጥን ብቻ ያወጣል። ቀኑም የፈረንጅ ነው።»

የአማርኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ፣ ስላልተጫነበት ነው። ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ በአማርኛ ጽፈህ እንደ ሥዕል አስቀምጠውና አርማ እንደምትጭነው ጫነው። ፊደሉን የሚሠራው በጥቂት ነጥቦች የሆነ ማሽን ከሆነ ፊደሉን አተልቀው፤ «ሰ» እና «ሱ»ን የምትለያቸው ትንሽ ጭረት ነጥቡ ካነሰ ትጠፋለች።

በቀኑ ተጠንቀቅ። ማሽኑ ጳጉሜንን አያውቅም፣ ስለዚህ ራሱ እየቆጠረ ቀን የሚያወጣበትን ነገር አጥፋና በየጠዋቱ አንድ ኃላፊነት ያለበት ሰው ያስገባው፣ ሌላ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ካርቶን ያንብበው። ከቁጥሩ ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይቅር፤ ያለሱ በ7 እና በ8 ዓመት የሚሳሳት ሰው ሞልቷል። ሽሮና በርበሬ ወደ አሜሪካ የምትልኩ ደግሞ ወሩን በፊደል ጻፉት። 03/04 ለዋሽንግተኑ ሰው መጋቢት 4 ነው፣ ለአውሮፓው ሚያዝያ 3፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ስሙን ያልነገረን አድማጭ፦ «ሌዘርስ? ቀለም አይፈልግም ሲሉ ሰማሁ።»

እውነት ነው፣ አይፈልግም። ተራ ቡናማ ካርቶን ላይ ግን የሚያወጣው የተቃጠለ ፈዛዛ ጽሑፍ ነው፣ ጭሱን የሚስብ መሣሪያም ይጠይቃል። ጥቁር አድርጎ የሚጽፈው ለሱ የሚሆን ልዩ ቅብ ያለበት ካርቶን ላይ ነው። በቀን በሺዎች ለማያወጣ ሰው አልመክረውም።

ከመርካቶ የደወሉ እናት፦ «እኔ ያገለገለ ካርቶን ነው የምጠቀመው። የድሮው ጽሑፍ ችግር አለው?»

ጽሑፉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ እማማ። የድሮው ባርኮድ ነው የሚያጣላው፤ ስካነሩ የእርስዎን በርበሬ የሌላ ሰው ዘይት አድርጎ ይመዘግበዋል። የኬሚካል ወይም የተቀጣጣይ ምልክት ካለበትም መጋዘን ውስጥ ካርቶንዎን የሚነካ አይኖርም፤ ደግሞም ኬሚካል የነበረበት ካርቶን ለምግብ አይሆንም፣ ይጣሉት። የቀረውን የድሮ ምልክት በሙሉ በነጭ ወረቀት ይሸፍኑት፣ በእስክሪብቶ መሰረዝ አይበቃም። የሚያብረቀርቅ ወይም ሰም የተቀባ ካርቶን ከሆነ ደግሞ ውሃማ የማኅተም ቀለም ሲነኩት ይለቃል። ጫፉ ላይ ትንሽ ያትሙና ጥቂት ቆይተው በአውራ ጣትዎ ይሹት፤ ከለቀቀ ለእሱ ስቲከር ነው የሚሆነው።