በስልክ የተቀየረ ሪፖርት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

ለንደን ውስጥ በአስተርጓሚነት እንደምሠራ ታውቃላችሁ። አንድ የቆየ ነገር ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። መኪና ገጭቷቸው ካሣ የጠየቁ አንድ አባት ነበሩ። የእሳቸው ጠበቃ ያመጣው ሐኪምም፣ ኢንሹራንሱ ያመጣው ሐኪምም ሲያዩአቸው ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ለሁለቱም ያሉት ያው ነው። "ሌሊት እባንናለሁ፤ መንገድ መሻገር ያስፈራኛል።" አንደኛው ሪፖርት አደጋው አእምሯቸውን ጎድቷል አለ። ሌላኛው ያጋንናሉ አለ። ሳነብላቸው ዝም ብለው ቆዩና "ልጄ፣ ለዚያኛው ምን ብለሽ ነው የነገርሽልኝ?" አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ያን ጊዜ ነው "ጆንስ እና ኬኒ" የሚባለውን የእንግሊዝ መዝገብ ያነበብኩት። እንደ ፈረንጆቹ በ2001 ሊቨርፑል ውስጥ ነው። ሞተር ብስክሌት ላይ የነበረን ሰው የጠጣ ሹፌር ገጨው። በእሱ በኩል የቀረበችው የሥነ ልቦና ባለሙያ መጀመሪያ ፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት፣ አለበት ብላ ጻፈች። በኋላ ከተከሳሹ ወገን ባለሙያ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። የጋራ መግለጫ ተዘጋጀ፤ ፈረመች። ወረቀቱ ግን ፒቲኤስዲ የለበትም፣ ሰውየውም አታላይ ነው ይላል! ክሱ ላይ እንደቀረበው፣ ስትጠየቅ የዚያኛውን ሪፖርት አላየሁትም፣ ወረቀቱ በስልክ የተስማማነውን አይገልጽም፣ ጫና ተሰምቶኝ ነው የፈረምኩት አለች። ዳኛው ባለሙያ መቀየር አልፈቀዱም። ሰውየው፣ እሱ እንዳለው፣ በጣም ባነሰ ካሣ ተስማማ። ከዚያ እሷኑ ከሰሳት። እንደ ፈረንጆቹ መጋቢት 2011 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ 400 ዓመት ገደማ የቆየውን፣ የባለሙያ ምስክሮች በቸልተኝነት በቀጠራቸው ሰው ያለመከሰስ ከለላ አነሳ።

እኔ ሐኪም ሐሳቡን ቢቀይር አልቆጣም። አዲስ ምርመራ ካየ መቀየር አለበት። የባለሙያ ምስክር ግዴታው ለከፈለው ሰው ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ነው። የሚያንገበግበኝ ምክንያቱ ሳይነገር ሲቀየር ነው። የሰው ሕይወት በአንድ ፊርማ ይገለበጣል፤ ባለቤቱ ግን ለምን እንደሆነ አያውቅም።

የእኚያ አባት ሐኪሞች ግን በምን እንደተስማሙ፣ በምን እንደተለያዩ፣ ለምን እንደተለያዩም በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ታዘዙ። ወረቀቱ ሲመጣ አብረን አነበብነው። የኢንሹራንሱ ሐኪም ከምክንያቶቹ አንዱን እንዲህ ጽፎታል፦ ገና ሲገቡ "እንዴት ነዎት?" ብዬ ስጠይቃቸው "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለዋል።

ቃል በቃል ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። ሰላምታ መሆኑን ግን አልነገርኩትም ነበር። በማግስቱ ለጠበቃቸው ደውዬ ነገርኩ። አሁን ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን አስቆመውና ይህንኑ እነግረዋለሁ።