ግማሹ የተዘጋ በር

አባቶቼ ይባርኩኝ። እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ለግንቦት 12 ለአባታችን ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሰላም አደረሳችሁ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ሱቅ ያለኝ ነጋዴ ነኝ፤ ግማሻችሁ ስኳር በዱቤ ወስዳችሁብኛል፣ ስም አልጠራም። የማኅበሩ ሰዎች «ሕይወትን ለእግዚአብሔር ስለመስጠት ተናገር» ሲሉኝ ሦስት ቀን ወረቀት ላይ ስሞነጫጭር ቆየሁ። የመጣልኝ ግን አንድ በግ ነው።

ያደግኩት መንዝ ነው። አባቴ አንድ ዓመት ክፉኛ ታመመና ለቅዱስ ገብርኤል ጥቁር ሙክት ተሳለ። ዳነ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ታዲያ ሙክቱ ሰብቶ ላቱ ሊወድቅ ደርሷል፣ ገናም ደጃፍ ላይ ነው፣ ነጋዴው ቤታችን ድረስ መጥቶ ላቱን በእጁ መዘን መዘን አድርጎ ዋጋ ጠራ። አባቴ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት «ገብርኤል እንደሆነ ቀለም አይመርጥ» አለና አንዲት ጥርሷ የረገፈ አሮጊት በግ አስጎተተኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ለአማችህ የማታርዳትን?» አለችው። ዝም። መንገድ ላይ በጊቱ ውርጩ ላይ ተኛች። ብንገፋት፣ ብንጎትታት፣ ወይ ፍንክች! ተሸከምኳት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ ጀርባዬ ላይ ሽንቷን ለቀቀችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አባቴም አብሮ ሳቀ። የሙክቱን ብር ግን ኪሱ ውስጥ በእጁ ጨብጦ ይዞት ነበር፣ አይቼዋለሁ።

እኔ ከአባቴ እሻላለሁ ብዬ ኖርኩ። ልጄ ታሞ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ይዤው ስሄድ «ማርልኝ እንጂ እሁድ ሱቅ አልከፍትም፣ ከእንግዲህ ሕይወቴ ያንተ ነው» ብዬ መሬት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ልጁ ዳነ። ሁለት ወር እሁድን ዘጋሁ። በሦስተኛው የላሜራውን በር ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርጌ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚገባ መሸጥ ጀመርኩ። ተዘግቷል እኮ! ከውጭ ለሚያይ ተዘግቷል። ቅዳሴ ላይ ቆሜም ልቤ እዚያው ነው፣ ዘይቱ አለቀ አላለቀ።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር፣ ቅር የሚለው ይበለው። እኛ ለእግዚአብሔር ሕይወታችንን አንሰጥም፣ እንደራደረዋለን። የልጄ ቪዛ ይምጣ እንጂ ጃንጥላ አገባለሁ። ቤቱ ይሸጥ እንጂ ምንጣፍ አገባለሁ። ስንሰጥ ደግሞ ስማችን በማይክሮፎን ካልተጠራ እናኮርፋለን። እግዚአብሔር ደላላ ነው እንዴ? ኮሚሽን ነው የምንከፍለው? ስለት ክፉ ነው አላልኩም። ሐናም ተስላለች። ግን ሐና ልጅ ሲሰጣት ጃንጥላ አይደለም ይዛ የሄደችው፣ ሳሙኤልን ጡት አስጥላ ራሱን ልጁን ወስዳ ቤተ መቅደስ ትታው ተመለሰች! በየቀኑ «ፈቃድህ ይሁን» እያልን እንጸልያለን፣ በሆዳችን ግን «ከእኔ ፈቃድ ጋር ከገጠመ» እንላለን።

የዛሬው ባለ በዓል የእኛው የቡልጋ ልጅ ነው። ገድሉ እንደሚነግረን ንብረቱን ለድሆች በትኖ ቤቱን እንደተከፈተ ትቶት ወጣ። እሱ በሩን ሳይዘጋ ሄደ፣ እኔ ከፍቼ እንዳልተወው ሳስቼ፣ ዘግቼ እንዳልሄድ ሳስቼ ግማሽ ላይ ቀረሁ። በግንቦት 1929 የግራዚያኒ ወታደሮች ደብረ ሊባኖስን ሲከቡም ሰው የተሰበሰበው ለዚሁ ለዛሬው በዓል ነበር። መነኮሳቱ ተረሸኑ፣ ዲያቆናቱን እዚሁ አጠገባችን እንግጫ አምጥተው ገደሏቸው። ስለ እነሱ ብዙ መናገር አልችልም፣ አፌ አይደፍርም።

የእኔን ልጨርስ። ለንስሐ አባቴ የበሩን ነገር ስነግራቸው አልተቆጡም። «ቅዳሜ ማታ ቁልፉን አምጣ፣ ሰኞ ጠዋት ትወስዳለህ» አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ፣ አልዋሽም። ቁልፍ እኮ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም! ለካ ቤት ሁለተኛ ቁልፍ ነበረችኝ። ሁለት እሁድ ተጠቀምኩባት። ሦስተኛው ላይ እሷንም ይዤ ሄድኩ። አባ ሳቁና «እስኪ ሌላ ካለህ ፈልግ» አሉኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሁለቱም ቁልፎች ኪሴ ውስጥ ናቸው፣ አባም ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ከዚህ ስወርድ እሰጣቸዋለሁ። ዱቤ ያለባችሁ ሰኞ ኑ።