ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ፦ የሀዋሳ ዳር ሰፈሮች ጠባይ ከየት መጣ?

[ምስል፦ ከላይ የተቀረጸ መሃል ሀዋሳ። ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች፣ ዛፎች፣ ከኋላ ሐይቁ።]

ስለ ሀዋሳ የሚያወራ ሰው ከሐይቁ ይጀምራል። ከዚያ ሰፊው መንገድ፣ የዛፉ ጥላ፣ አሞራ ገደል የሚበላው ዓሣ ይከተላል። አይፈረድበትም። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር በፕላን ስለተጀመረች መሃሏ ዛሬም ለዓይን ደስ ይላል። እኛ ግን ዛሬ ካሜራችንን ይዘን ወደ ጓሮዋ እንሄዳለን፤ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በዳቶ በኩል፣ በአላሙራ ተራራ አካባቢ ወደሚገኙት ሰፈሮች።

[ምስል፦ ካርታ። ሐይቁ በሰማያዊ፣ ከተማዋ በቢጫ።]

ከተማዋ ለምን ወደዚህ ሰፋች? ሌላ መሄጃ ስለሌላት ነው። ምዕራቧን ሐይቁ ይዞታል። በሰሜን ጥቁር ውሃ ወንዝና ረግረጉ አለ፤ እሱን ከተሻገሩ ኦሮሚያ ነው። የቀራት ደቡብና ምሥራቅ ነው። እዚያ ደግሞ ባዶ ሜዳ አልጠበቃትም። እንሰት የተተከለበት፣ በቆሎ የሚዘራበት፣ ከብት የሚታሰርበት የሲዳማ ገበሬ ግቢ ነበር።

የሰፈር ጠባይ ከነዋሪው ነው የሚመጣው የሚሉ አሉ። እኔ ከመሬቱ አመጣጥ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ሕግ እናውራ፤ አሰልቺ እንዳይሆን አሳጥረዋለሁ።

[ምስል፦ የእንሰት ማሳ፣ ከጎኑ አዲስ የቆርቆሮ አጥር።]

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ከተማ ሲሰፋ መንግሥት ካሳ ከፍሎ ያስነሳውና መሬቱን በሊዝ ለሌላ ያስተላልፋል። በላዩ ላይ ላለው ንብረት ከሚከፈለው ሌላ የመፈናቀያ ካሳ አለ። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ይህን ካሳ ሲያሰላ ያለፉትን አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ በአሥር ያባዛ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ጭማሪው ቀላል አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ በሁለቱም ስሌት ሚዛን ላይ የሚወጣው ማሳው ያበቀለው እህል ነው። ማሳው ከአስፋልት አጠገብ መሆኑ በሒሳቡ ውስጥ የለም።

ደላላው ግን ያንን ሒሳብ አሳምሮ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ ብቅ ይልና፣ «አባባ፣ ነገ መንግሥት ከሚወስድብዎት ዛሬ ትንሽ ቆርሰው ቢሰጡኝስ?» ይላል። አባባም ያስባሉ። ልጅ መዳር አለ፣ ልጅ ማስተማር አለ፣ ጎረቤታቸውም ቆርሶ ሰጥቷል። ትንሽ ይቆርሳሉ። በዓመቱ ደግሞ ሌላ ትንሽ።

ወረቀቱ ላይ ግን ሽያጭ ብሎ ነገር አይጻፍም። ስጦታ ይባላል፤ ወይም ደግሞ ገዢው ለገበሬው ብር እንዳበደረና ብሩ እስኪመለስ መሬቱን እንደሚጠቀምበት ተደርጎ ይጻፋል። ምስክሮች ይፈርማሉ፣ አባባ አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ብድሩ እንደማይመለስ ግን ሁሉም ያውቃል።

[ምስል፦ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ የአፈር መንገድ። ባጃጅ እየተንገጫገጨ።]

አሁን ሰፈሩን ተመልከቱ። ብዙው ነገር ከዚህ ጥድፊያ ነው የመጣው። መንገዱ የሚጠማዘዘው ማንም ስላላሰመረው ነው፤ የድሮውን አጥርና የከብት መሄጃ ተከትሎ የቀረ ነው። ቤቶቹ የእንጨትና የጭቃ የሆኑት ጭቃ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚቆም ነው። የጨረቃ ቤት የሚባለው ይሄው ነው፤ ሌሊት፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ወይም የቀበሌ ቢሮ በሚዘጋበት በዓል ይቆማል። ቆርቆሮ የለበሰና ሰው የገባበት ቤት ከባዶ አጥር ይልቅ ለማፍረስ ይከብዳል ብሎ ነው ሰው የሚሽቀዳደመው።

[ምስል፦ ወደ አንድ ግቢ እንገባለን።]

አንድ ግቢ ውስጥ እንግባ። በሩ ቆርቆሮ ነው። በስተቀኝ ጥግ ሦስት ግንድ እንሰት ቆሟል፤ የዱሮው ማሳ ቅሪት ነው። መሃል ላይ የዋናው ቤት መሠረት ወጥቶ ቀርቷል፤ ፌሮዎቹ ወደ ሰማይ ቀጥ ብለው ዝገዋል፣ ልብስ ተሰጥቶባቸዋል። ባለቤቶቹ ከኋላ ባለው ሰርቪስ አንዱ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። የቀሩት ክፍሎች በተርታ ተከራይተዋል፤ በየበራቸው መጋረጃ አለ። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ቧንቧው ሲጠፋ ጀሪካን በጋሪ ይመጣል። ኪራዩ ዋናውን ቤት ያሠራል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ የሲሚንቶ ዋጋ ግን አልጠበቀም።

ተከራዮቹስ እነማን ናቸው? እዚህ ላይ ታሪኩ ከቱላ ወጥቶ ሩቅ ይሄዳል።

[ምስል፦ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሼዶች፣ በረድፍ።]

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ተመረቀ። 52 ሼዶች አሉት፤ ወደ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ የታቀደ ነበር። አብዛኞቹ ተቀጣሪዎች ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎች የገጠር አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ፋብሪካው ሲመጣ ግን ማደሪያ አብሮ አልመጣም። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት በአገሪቱ የልብስ ስፌት ዘርፍ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሬ ወደ 750 ብር። በዚህ ገንዘብ ብቻዋን ክፍል የምትከራይ የለችም። ሦስት አራት ሆነው ይገባሉ፤ አንዷ የሌሊት ፈረቃ ስትወጣ ሌላዋ ፍራሹ ላይ ትተኛለች። ሰፈሩ «የፋብሪካ ልጆች» ይላቸዋል። ጉሊቱ ላይ ቲማቲም በመደብ በመደብ ተከፋፍሎ ትንሽ ትንሽ የሚሸጠው ለእነሱ ነው።

ቀጥሎ ኅዳር 2014 ላይ የፓርኩ ትልቁ ደንበኛ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ለቆ እንደሚወጣ አስታወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል አስወጣች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥራ አጡ፤ ብዙዎቹም ወደ ገጠር ተመለሱ። ዋሽንግተን ላይ የተላለፈ ውሳኔ እዚህ ሰርቪስ ድረስ ገብቶ የስንቱን ግቢ ክፍል እንዳስዘጋ አስቡት። የኪራይ ብሩ የቀረበት ሰው ፌሮው ዝጎ ቢቀር አይደንቅም።

[ምስል፦ የእድር ድንኳን። በቆርቆሮ የተሠራ ቤተ ጸሎት፣ የእሁድ መዝሙር።]

ሰፈሩ ያለ መንግሥት እንዴት ይኖራል ለሚል፣ መልሱ እድር ነው። ቀበሌው ገና «ሕገወጥ ሰፋሪ» እያለ ሲጠራቸው እድሩ ድንኳን ገዝቷል፤ ለመብራት ምሰሶ ብር አዋጥቷል፤ ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሱ ሽማግሌዎችንም መርጧል። ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ በአንድ ስብሰባ ላይ ይነገራሉ፤ ቃለ ጉባኤው በየትኛው ይጻፍ የሚለው ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ አይጠፋም።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የቀይ ቀለም ምልክት።]

አንድ ቀን የመለኪያ ሜትር የያዙ ሰዎች ይመጣሉ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሰነድ አልባ ይዞታ ከፕላን ጋር ከተስማማ ሥርዓት እንዲይዝ በር ከፍቷል። መንገድ የሚያልፍበት ቤት ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ይፈርሳል። የተረፈው ካርታ ያገኛል። ካርታ ባገኘው ግቢ የቆርቆሮው አጥር ወርዶ ብሎኬት ይቆማል፣ በሩ ይቀየራል፣ ኪራዩም ይጨምራል።

ተከራይዋን የሚጠብቅ ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ እንዲገደብ ያዛል። ለዚያ ግን ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። እስቲ ንገሩኝ፤ ቤቱ ራሱ ሰነድ የሌለው አከራይ የኪራይ ውል ይዞ «መዝግቡልኝ» ብሎ በየትኛው መስኮት ይቆማል?