መርማሪው ኪሱ የከተታት ወረቀት

ሰላም ለሁላችሁም። በኢንተርኔት ቁማር ስለተጠመደው የእህቴ ልጅ የጻፋችሁልኝን በሙሉ አንብቤያለሁ፤ ልጁ ደህና ነው፣ እየተሻለው ነው። ዛሬ የማወራው ግን ባለፈው ጀምሬ ስላልጨረስኩት ነገር፣ ከእህቴ ጋር አቤቱታ ይዘን ስለሄድንበት ፖሊስ ጣቢያ ነው።

የኢንተርኔት ቁማር ገንዘብ የሚሰበሰበው እንዲህ ነው። ሰርቨሩም የቁማሩ ባለቤትም ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ናቸው። ገንዘቡ መጀመሪያ የሚገባው ግን በአንድ ተራ ሰው የግል የባንክ ሒሳብ ነው፤ ያ ሰው ለአቋማሪዎቹ ያከራየው ሒሳብ ነው። እህቴ ይህንን ያወቀችው ማንም ሳይነግራት ነው። የልጇን የባንክ መግለጫ አሳትማ፣ ገንዘብ የተላከላቸውን ስሞች በእርሳስ አስምራባቸው፣ አብረን ሄድን።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሳበላትና «አይዞዎት እናቴ» አላት። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ አንድ ስም ላይ ቆመ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ ያንኑ ስም ፈለገና አገኘው። የአቤቱታ መዝገቡ ከፊቱ ተገልጦ ተቀምጧል፤ እስክሪብቶው መሐሉ ላይ ተጋድሟል። እሱ ግን መሳቢያውን ስቦ ቁራጭ ወረቀት አወጣ። ስሙንና የሒሳብ ቁጥሩን እዚያ ላይ ገለበጠ፣ ቁጥሩን አመሳከረ፣ ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ፣ የኪሱንም ቁልፍ ቆለፈ። «እናጣራለን፤ እንደውልልዎታለን» አለ። እህቴ አመስግናው ወጣች። መዝገቡ ላይ አንዲት ቃል አልሰፈረችም።

በማግስቱ የቁማሩ ገንዘብ ማስገቢያ ላይ የነበረው ስም ተቀየረ።

ግን ሁልጊዜም ይቀያይሩታል! ልጁ ራሱ ነው የነገረን፤ አንድ ሒሳብ ላይ ብዙ አይቆዩም፣ ባንኩ እንዳይነቃባቸው። ሁልጊዜ «ማስረጃህን አሳየኝ» የሚለኝ ወዳጄም ይህንኑ ነው ያለኝ። እንዲያውም መዝገቡን ብዙ ዐይን ያየዋል፣ ምናልባት ሰውየው ከገዛ ባልደረቦቹ ሊደብቀው ፈልጎ ይሆናል አለ። ይህ ሐሳብ መጀመሪያ አጽናናኝ። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን የባሰ ሆነብኝ። ሐቀኛ መርማሪ አቤቱታን ከመዝገብ የሚደብቅበት ጣቢያ ምን ዓይነት ጣቢያ ነው?

የቬትናሙን ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት በዚሁ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፉ ቶ በተባለው ክፍለ ሀገር 92 ተከሳሾች ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ጉዳዩ ሪክቪፕ የሚባል የኢንተርኔት ቁማር ነበር። ከተከሳሾቹ አንዱ ሜጀር ጄኔራል ንጉየን ታን ሆዋ ነው። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? በቴክኖሎጂ የሚፈጸም ወንጀልን የሚከላከለው የፖሊስ መምሪያ ኃላፊ! ቁማሩን ያንቀሳቅስ የነበረው ድርጅት የዚሁ መምሪያ የሽፋን ድርጅት ነው እየተባለ ነበር የሚሠራው። ሆዋ 10 ዓመት ተፈረደበት፤ የአገሪቱን ፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ ይመራ የነበረው ፋን ቫን ቪን ደግሞ 9 ዓመት። የተፈረደባቸው ሥልጣንን አላግባብ በመጠቀም እንጂ በጉቦ አይደለም። ከዚህ ዐረፍተ ነገር መውጣት አቃተኝ። ጉቦ ደረሰኝ የለውም፤ እኔም ያየሁት ጉቦ አይደለም፣ ያየሁት ኪስ የገባ ወረቀት ነው።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የተያዙት ፖሊሶች አልነበሩም፤ የቁማር ድረ ገጾችን እንዲዘጉ የተመደቡ የመገናኛ ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ለፖሊስ የተናገረውን ስሙት፦ ከ5,000 ድረ ገጾች 4,000 ያህሉን ዘጋን፣ 1,000 ያህሉን ግን እንዳይዘጉ ጠበቅናቸው፣ ለእያንዳንዱ 8.5 ሚሊዮን ሩፒያ እየተቀበልን። ሰውየው የመዝጋት ሥልጣን ስላለው ነው አለመዝጋትን የሸጠው። ሕጉ ባይኖር የሚሸጠው ነገር አይኖረውም ነበር። የእህቴ መግለጫም እንደዚያው ነው። እሷ አቤቱታ አቀረብኩ ትላለች፤ ለሌላ ሰው ግን ያ ስም ዋጋ ያለው ወሬ ነው።

ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ዘመቻ ሲመጣ ማን ነው የሚያዘው? ስልኩ ላይ ሲጫወት የተገኘ ጎረምሳና ሒሳቡን ያከራየው ድሃ ናቸው። ዋናዎቹ ጋ ሲደረስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል፤ ባዶ ክፍል፣ የተነቀለ ገመድ።

ታዲያ ቁማሩ ፈቃድ ተሰጥቶት በግልጽ ቢሠራ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔም ለጥቂት ጊዜ አምኜበት ነበር። ግን ያኔም ፈቃድ የሌለውን የሚያሳድደው ያው ፖሊስ ነው፣ ፈቃድ ያለውም ቢሆን የልጁን... አይ፣ ይህንን ዛሬ አልጨርሰውም።

እህቴ ለበላይ አካል እንጻፍ ብላኛለች። ደብዳቤውን ጀምሬዋለሁ። የመርማሪውን ስም የምጽፍበት ቦታ ላይ ነው የቆምኩት። ንጹሕ ከሆነ እንጀራውን ልዘጋበት ነው፤ ወንበር ስቦ ያስቀመጣት ሰው ነው። ስሙን ካላስገባሁት ደግሞ ደብዳቤው ስለ ማን ነው? የሚያነበው የበላይስ... እህቴ ነገ ትመጣለች፤ ጨረስከው ወይ ማለቷ አይቀርም።