መንፊያው ከኋለኛው ጋር ይሁን
(ለአርባ ምንጭ የብስክሌት ጉዞ ተጓዦች በሽኝት ምሽት የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የክለባችን አባላት፣ ልጆቻችሁን ልትሸኙ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ብስክሌት ስፖርታችን ታሪክ እንድናገር ነው። ባጭሩ ልበለውና ወደ መጣሁበት ልግባ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ብስክሌተኞችም ልካ ነበር። ጋሽ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ወጡ፤ በቡድን 9ኛ ሆንን። ያኔ የቡድን ውጤት የሚሠራው የሦስት ሰው ደረጃ ተደምሮ ነበር። ጋሽ ገረመው የፈለጉትን ያህል ቢበሩ፣ ሦስተኛው ሰው ካልገባ ቡድን የለም ማለት ነው። ከታሪኩ ለዛሬ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ነገው መንገድ። አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝዋይ 1,640 ገደማ። እስከ ዝዋይ 160 ኪሎ ሜትር ስትነዱ ወደ 700 ሜትር ትወርዳላችሁ። ቃሊቲን አልፋችሁ ዱከም ስትደርሱ እግራችሁ ቅቤ የጠጣ ይመስላችኋል። ጉልበቱን ግን ያበደራችሁ ቁልቁለቱ ነው። በማግስቱ ላንጋኖን በግራችሁ ትታችሁ ወደ አርሲ ነገሌ ሽቅብ ስትወጡ ብድሩ ይጠየቃል። ይህን ብዙዎቻችሁ በቃል ታውቁታላችሁ፤ በተግባር ግን ቢሾፍቱ ላይ ይረሳል።

ያለፈውን ጉዞ የሄዳችሁ ታስታውሳላችሁ። ተለጥፎ የቀረው ፎቶ ጥሩ ስለሆነ የማታስታውሱም ትኖራላችሁ። ኮሚቴው ያኔ «ክብደት አታብዙ፣ አንድ መንፊያ ለሁሉም ይበቃል» አለን። እሺ አልን። መንፊያው፣ ማስቲሹና ትርፍ ካመራዳሪው ከሁሉም ብርቱ ለሆነው ልጅ ተሰጠ። ብርቱ ነዋ፣ ይሸከማላ! ሞጆ መገንጠያው ላይ ቆመን ልንሰባሰብ ተነጋግረን ነበር። ስንደርስ ማንም የለም። ከደረቅ ወደቡ የሚወጣው ተሳቢ መኪና አቧራውን እያለበሰን እኔና መምህራችን ቆመን ግራና ቀኝ አየን። መምህራችን ስንቶቻችሁን ፍሬን ማስተካከል ያስተማሩ፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ቆጥበው ብስክሌት የገዙ ሰው ናቸው። «ቀድመው ይሆናል፣ እንሂድ» አሉኝ። ሄድን።

ዓለም ጤናን እንዳለፍን የኋላ ጎማቸው ተነፈሰ። መንፊያ የለም። ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ተነሳና «መቂን አልፈናል፣ ዝዋይ እንጠብቃችኋለን» ተባልኩ። እንጠብቃችኋለን! ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ብስክሌት እየገፋን በአስፋልቱ ዳር ሄድን። መምህሩ አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ይልቅ ያጋጠመንን ሕፃን ሁሉ ሰላም ይላሉ። በኋላ ሽንኩርት የጫነ ባለ ጋሪ አዘነልንና ብስክሌቱን በከረጢቶቹ ላይ አስሮ መቂ ጎሚስታ ቤት አደረሰን። ገንዘብ ብንሰጠው እንቢ አለ። የማያውቀን ሰው! ዝዋይ ስንደርስ መሽቷል። ጓደኞቻችን ገላቸውን ታጥበው፣ ቆሮሶ ዓሣ አስጠብሰው፣ የአጥንቱ ክምር ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንዱ ቀና ብሎ «ምነው ቆያችሁ?» አለን።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ብስክሌታቸውን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። «እናንተን ላለማስቸገር ነው» ብለው። እኛ ደግሞ አርባ ምንጭ ደርሰን «ሁላችንም በሰላም ገባን» ብለን ፎቶ ለጠፍን። ሁላችንም? ዛሬ አዳራሹን ዙሩና ፈልጓቸው፤ የሉም። ከዚያ ወዲህ በክለቡ ደጃፍ አልዞሩም።

አታጨብጭቡ። አሁን ካጨበጨባችሁት ሦስታችሁ ያን ዕለት ዓሣ ስትበሉ ነበር።

ጠንካራ ሰው መቅደሙን አልጠላም። መቅደም የፈለገ ውድድር አለለት፤ ይመዝገብ፣ ቁጥር ይለጥፍ፣ እኔም መንገድ ዳር ቆሜ አጨበጭብለታለሁ። የቡድን ጉዞ ብሎ አባል አስመዝግቦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሰው ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

ስለዚህ ለኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብኩት ይህ ነው። ሻሸመኔ እስክንደርስ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ነው። እሱ ከፊት ይነዳል። መንፊያውና ማስቲሹ ከመጨረሻው ሰው ጋር ይሆናል፤ የመጨረሻው ሰው ደግሞ ብርቱ ይሁን፣ ብርታቱ እዚያ ይታይ። ሞጆ መገንጠያ፣ መቂና ቡልቡላ ላይ ሰው ተቆጥሮ ካልሞላ ማንም ፔዳል አይረግጥም። ከሻሸመኔ በኋላ እንደ ልባችሁ፤ ያኔ እርስ በርስ ትተዋወቃላችሁ።

ስለ ውኃ፣ ስለ ራስ ቁርና ስለ መብራት ወረቀቱ ላይ አለ፤ አንብቡት። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለብስክሌት አይፈቀድም፤ በአሮጌው ነው የምንሄደው። ሲኖትራክ ከኋላ ሲመጣ ጎን ለጎን አትንዱ። ልጆች ሲሮጡላችሁ ሰላም በሉ፤ አትቆጡ።

አንድ ነገር ቀርቷል። ደንቡ ካልጸደቀ እኔ ነገ አልወጣም፤ ቤቴ ነኝ። ሰብሳቢው ድምፅ ይቁጠርልኝ። የምትደግፉ፣ እጃችሁን ከፍ አድርጉ። እነዚያ ከኋላ የተቀመጣችሁትም፣ በተለይ እናንተ።