ቢጫዋ የጎማ መብራት ስትበራ ሪሴት ለመጫን አትቸኩሉ

[ምስል፦ ማለዳ። ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በርታለች።]

ይህቺን መብራት እዩልኝ። ግራና ቀኟ ጎበጥ ያለ፣ ከላይ ክፍት፣ ከታች ጥርስ ጥርስ ያላት፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ የቆመባት። እኔ ለረጅም ጊዜ ድስት ነበር የምትመስለኝ። ወጥ እያረረብኝ ነው እንዴ እላለሁ በሆዴ። ድስት አይደለችም። ጎማ ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ ነው፣ ከታች ያለው ጥርስ ጥርሱም መሬት የሚነካው የጎማው ጥርስ ነው። የምትላችሁ ነገር አንድ ነው፦ ከጎማዎቻችሁ ቢያንስ የአንዱ ንፋስ ወርዷል።

ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ይህችው መብራት በራችብኝ። ሰፈር ያለ ጋራዥ ጎራ አልኩ። ልጁ መኪናው ውስጥ ገባና ከመሪው በታች ያለችውን ሪሴት የምትባል ቁልፍ ጫን አድርጎ ያዘ፤ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለችና ጠፋች። "ሴንሰሯ ናት፣ አትስማት" አለኝ። ጎማውን አላየም። እኔም አላየሁም። ጠፋች አይደል፣ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከቀናት በኋላ በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስወርድ መኪናው ከኋላ ዘንበል ዘንበል ይልብኝ ጀመር። መብራቷ ዝም። ፍጥነት ቀንሼ ወጣሁና ጎሚስታ ጋ ስደርስ የኋላ ቀኝ ጎማ ላይ ሚስማር ተሰክቷል። ሲለካ 20 ፒኤስአይ (ጎሚስታው ንፋስ የሚለካበት ልክ ነው)። መሆን የነበረበት 32 ነው።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ በእጅ የተጻፈ፦ 32 … 24 … 18]

ምን ተፈጥሮ መሰላችሁ? ያቺ ቁልፍ መብራት ማጥፊያ አይደለችም። በብዙ መኪኖች ላይ ሪሴት ስትጫኑ ለመኪናው "አሁን ያለው ንፋስ ትክክለኛው ነው፣ ከዚህ ሲወርድ ንገረኝ" ማለታችሁ ነው። መብራቷ ደግሞ የምትበራው በጥቅሉ ጎማው ከትክክለኛው ንፋስ ሩቡን ሲያጣ ነው። የ32 ሩብ 8 ነው፣ ስለዚህ 24 አካባቢ ሲደርስ በራች። ልጁ እዚያው 24 ላይ ሪሴት አደረጋት። አሁን ለመኪናው ትክክለኛው 24 ሆነ ማለት ነው። ከ24 ላይ ሩብ ቀንሱ፣ 18 ነው። እኔ በ20 ንፋስ በፈጣን መንገድ ስነዳ ዝም ያለችው ተበላሽታ አይደለም፣ ዝም በይ ስላልናት ነው።

ሪሴት የሚጫነው አራቱም ጎማ በትክክል ከተሞላ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የጫነ ሰው መኪናውን ውሸት እያስተማረ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መብራቷ ማንም ሳይነካት በትክክል ስትሠራ ራሱ ቀድማ አትናገርም። 28 ላይ ዝም ናት። 26 ላይም ዝም። ስለዚህ "መብራት ስላልበራ ጎማዬ ደህና ነው" የሚባል ነገር የለም።

ይህ ሩብ የሚባለው ነገር ከየት መጣ ብትሉ፣ ታሪኩ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ የፋየርስቶን ጎማዎች በጉዞ ላይ የላይኛው ንጣፋቸው እየተላጠ መኪናው ይገለበጥ ነበር። ችግሩ በብዛት የታየው ሙቀት ባለባቸው አገሮችና ግዛቶች ነው፤ ፎርድ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ጎማ መቀየር የጀመረው በ1999 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 6.5 ሚሊዮን ጎማ እንዲመለስ የታወጀው ደግሞ በነሐሴ 2000። እስከዚያና ከዚያም በኋላ የተቆጠረው ሟች ከ200 በላይ ነበር። ሁለቱ ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካሰሱ፤ ጎማው ነው፣ አይ መኪናው ነው ተባለ። ከክርክሩ አንዱ ነጥብ ግን ንፋስ ነበር፦ ፎርድ 26 ይሞላ ብሎ መክሯል፣ ፋየርስቶን ደግሞ 30 ነው መሆን የነበረበት አለ። የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሕግ ወጣ፣ ከመስከረም 2007 ጀምሮም አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ አውቶሞቢል ሁሉ ይህቺን መብራት እንዲይዝ ግድ ሆነ። ሩቡ የተቀመጠው ያንን ሕግ ተከትሎ በወጣው ደንብ ላይ ነው። አውሮፓ በ2014 ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ አደረገች፣ ቻይናም ተከተለች።

ንፋስ ያነሰው ጎማ ለምን ይላጣል? ቀጭን ሽቦ ይዛችሁ ቶሎ ቶሎ ወዲያና ወዲህ አጣጥፉት፣ ከዚያ የታጠፈበትን በጣታችሁ ንኩት። ይግላል። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ እንደዚያ እየታጠፈ እየተዘረጋ ነው የሚሄደው፣ በደቂቃ ስንትና ስንት ጊዜ። አምስት ሰው ጭናችሁ፣ የኋላውን ዕቃ መጫኛ በማዳበሪያ ጤፍ ሞልታችሁ፣ በቀትር፣ በ100 ፍጥነት። ከውስጥ እየጋለ ይሄድና ጎማው እየተለያየ ይመጣል። ብዙ ጊዜ "ጎማው ፈነዳብኝ" ሲባል ፍንዳታው መጨረሻው ነው፣ ነገሩ የጀመረው ከሳምንታት በፊት ቀስ እያለ ሲተነፍስ ነው።

[ምስል፦ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን። አንዱ 32፣ አንዱ 24።]

አሁን ተወራረዱ፣ የትኛው ነው ያነሰው? አይታወቅም አይደል? የዛሬ ጎማ 24 ሆኖም ቆንጆ ሆኖ ይቆማል። በእግር ረገጥ አድርጎ "ደህና ነው" የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን፣ ምናልባትም እኛው ነን። እግር መለኪያ አይደለም።

መኪናው ራሱ እንዴት ነው የሚያውቀው? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቀጥተኛው ነው፦ በእያንዳንዱ ጎማ ውስጥ፣ ንፋስ ከሚሞላባት ቫልቭ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሴንሰር አለች፣ ባትሪ አላት፣ ንፋሱን እየለካች በሬዲዮ ለመኪናው ትልካለች። የእያንዳንዱ ጎማ ቁጥር ስክሪን ላይ የሚታይላችሁ ከሆነ ይኸኛው ነው ያላችሁ። ሁለተኛው ግን ንፋሱን ራሱን አይለካም። የፍሬኑ የኤቢኤስ ሴንሰሮች እያንዳንዱ ጎማ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራሉ፤ ንፋሱ የወረደ ጎማ ትንሽ ስለሚያጥር ከሌሎቹ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ መኪናው "ይሄኛው ለምን ይቸኩላል?" ብሎ ይጠረጥራል። ብልህ ነው፣ ግን አራቱም ጎማ እኩል ከቀነሱ ሊሸወድ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚያወዳድረው እርስ በርሳቸው ነው።

አሁን ወደ ቅዝቃዜ። ሚኒሶታ ያለችው የአክስቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደወለችልኝ። "ይሄ መኪና ጠዋት ጠዋት ያለቅሳል፣ ስነዳው ዝም ይላል፣ ምን ላርገው?" አለችኝ። መልሱ ሒሳብ ነው። ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ በቀነሰ ቁጥር ጎማው 1 ፒኤስአይ ያህል ያጣል። እሷ መጸው ላይ አየሩ 15 ሳለ 32 አስሞልታለች። አንድ ማለዳ ከዜሮ በታች 20 ሆኖ አደረ። ልዩነቱ 35 ዲግሪ፣ ስለዚህ ወደ 6 ጠፋ፣ ቀረ 26። በዚያ ላይ ጎማ ምንም ሳይነካው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይተነፍሳል። ሁለት ወር ሳይለካ ከቆየ 24 ላይ ደረስን። ስትነዳው ደግሞ ጎማው ይሞቅና ከፍ ይላል፣ መብራቷ ትጠፋለች። ስለዚህ እየዋሸች አይደለም፤ ጠርዝ ላይ ያለ ጎማ ነው የያዝሽው አልኳት። በብርዱ፣ ሳትነጂ፣ ሙዪው።

የእኛም ያው ነው፣ ልኩ ቢያንስም። ኅዳርና ታኅሣሥ አዲስ አበባ ማለዳው 7 ዲግሪ ሆኖ ቀትር ላይ 23 ሲገባ ከ2 በላይ ይወዛወዛል። ጠዋት በርታ ከሰዓት የምትጠፋ መብራት ካለቻችሁ ጉዳዩ ይኸው ነው።

ቆላ ለምትወርዱ ደግሞ አንድ የሚገርመኝን ነገር ልንገራችሁ። መለኪያው የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ስስ ነው። እዚህ 32 የሞላችሁት ጎማ ጂቡቲ ባሕሩ ዳር ሲለካ በከፍታው ብቻ ከ3 በላይ ቀንሶ ይነበባል። የቆላው ሙቀት ግን መልሶ ከፍ ስለሚያደርገው ሁለቱ ይቻቻላሉ።

[ምስል፦ የኤሌክትሪክ መኪና ስክሪን፣ ጽሑፉ በቻይንኛ]

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ መንገዱ ላይ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፣ የብዙዎቹም ስክሪን በቻይንኛ ነው የሚያወራው። አትደንግጡ፣ ቁጥሩ ቁጥር ነው። 2.5 ካለ በባር ነው፣ 250 ካለ በኪሎፓስካል፣ ጎሚስታው ጋ ያለው መለኪያ 36 ይለዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ጎሚስታው "ስንት ላርግልህ?" ሲል ግን በድሮው ልማድ "30 አርገው" እንዳትሉ። ባትሪው ከባድ ስለሆነ የእነዚህ መኪኖች ልክ ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው።

ልኩ የት ነው የተጻፈው? የሹፌሩን በር ክፈቱ፣ ምሰሶው ላይ ወይም በሩ ጠርዝ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የፊትና የኋላ ሊለያይ ይችላል፣ ሙሉ ጭነት ሲኖርም ሌላ ቁጥር ሊኖር ይችላል። ጎማው ጎን ላይ የታተመውን 44 ወይም 51 አይታችሁ "ይኸው ጽፎታል" አትበሉ። እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው። በር ላይ ካለው አልፎ የተነፋ ጎማ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ ጉድጓድ ሲያገኘውም ይነጥራል።

የምትለኩት ደግሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፣ ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ፣ ወይም ሰፈር ውስጥ ትንሽ ብቻ ተነድቶ። ረጅም መንገድ ነድታችሁ 37 ብታገኙ አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል።

መንገድ ላይ ብትበራስ? ፍሬን በድንገት አትርገጡ። መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ፍጥነት ቀስ እያላችሁ ቀንሱ፣ ደህና ቦታ ስታገኙ ቁሙ፣ ወርዳችሁ አራቱንም እዩ። የተኛ ጎማ ካለ እዚያው ቀይሩ፤ በቸርኬው አትንዱ፣ ጎማውም ቸርኬውም ይሄዳሉ። ምንም የተኛ ከሌለ በዝግታ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ።

አንዳንዴ ደግሞ መኪናውን ስታስነሱ መብራቷ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብልጭ ብላ ከዚያ ቀጥ ብላ ትቀራለች። ይኸኛው ሌላ መልእክት ነው፤ ንፋሱ ሳይሆን ራሱ መለኪያው ታሟል። አሜሪካ ውስጥ ሲነዳ ቆይቶ የመጣ አሥር ዓመት ያለፈው መኪና ላይ የሴንሰሩ ባትሪ አልቆ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ጎማ ሲፈታ በብረት ተሰብሮ ነው። ስለዚህ ጎማ ስታስቀይሩ ብረቱን ከማስገባቱ በፊት "ወንድሜ፣ ቫልቩ ጋ ሴንሰር አለ" በሉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ብዙ ብር ታድናለች።

[ምስል፦ የመኪናው ኋላ ተከፍቷል። እጅ መለኪያ ይዟል።]

በሉ እስኪ የእኔን እዚሁ ፊታችሁ ልለካ። የፊት ግራ 32። የፊት ቀኝ 31። የኋላ ግራ 32። ያ ሚስማር የበላው 32፣ ጥሩ ተለጥፏል ማለት ነው። መብራቷም የለችም።

አሁን ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማውን። እዚህ ውስጥ ሴንሰር የለም፣ ስለ እሱ ማንም አይነግረኝም። ከገዛሁት ጀምሮ… ለክቼው አላውቅም መሰለኝ።

14።

አስራ አራት! ካሜራውን አጥፋው፣ ጎሚስታው ሳይዘጋ ልድረስ።