ድሬ ላይ ፀሐይ፣ ደቻቱ ላይ ጎርፍ፦ የበጎ አድራጎት ብር የት ይዋል?

ሰላም ጀመዓ! ገጠር ላይ ለልማትና ለአየር ንብረት ግንዛቤ የቆመ በጎ አድራጎት ድርጅት፣ በአደራ የተቀበለውን ብር ምን ላይ ያውለው? የኔ መልስ፦ ከድሬዳዋ በላይ ያለው፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የሚነሳበት ዳገት ላይ። የስልጠና አዳራሹ ላይ ሳይሆን ዳገቱ ላይ።

ባቡር አስቡ። ለድሬ ልጅ ስለ ባቡር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው፣ ግን ታገሱኝ። ከድሬ በላይ ካለው ተራራ፣ ከደንገጎ፣ ቁልቁል ወደ ድሬ የሚምዘገዘግ ባለ ሃያ ፉርጎ ባቡር አለ እንበል። የለም፣ አውቃለሁ፣ እንበል ነው ያልኩት! እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ፍሬን ካለው ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንዱም ፍሬን ባይኖረውና እኛ ጣቢያው ላይ ወፍራም ግድግዳ ብናቆምስ? ሃያው ፉርጎ ተገፋፍቶ ይመጣበታል፤ ግድግዳውን የበለጠ ብናወፍረው ደግሞ ሌላ ቀን ሃያ አምስት ፉርጎ ይመጣል። ከተማው ውስጥ ያለው የጎርፍ ግንብ ያ ግድግዳ ነው። ይኑር፣ አፍርሱት አላልኩም። ፍሬኑ ግን ላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ማሳ፣ እያንዳንዱ ቦረቦር አንድ ፉርጎ ነው።

ፍሬኑ ምን እንደሆነ ቶሎ ልንገራችሁ፦ ትሬንች (ዳገት ላይ ውሃ የሚያቁር ቦይ) እና ክትር ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ትሬንች 750 ሊትር ውሃ ይይዛል። ቦረቦር ላይ የድንጋይ ክትር ከላይ ወደ ታች ይሠራል፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር አይለፍ። የታችኛው አናት ከላይኛው እግር ጋር በውሃ ልክ ይተካከል፦ ክትሩ 1 ሜትር፣ ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ በየ10 ሜትሩ። ሁለቱ ጫፎች ዳርቻው ውስጥ ግማሽ ሜትር ያህል ይቀበሩ። መሃሉ ዝቅ ይበል፣ ከሥሩ ድንጋይ ይነጠፍ። መሃሉ ዝቅ ካላለ ውሃው በጎን ይዞራል፤ ክትሩ ቆሞ ይቀራል፣ ማሳው ይሄዳል።

አሁን ኮሜንታችሁ። «ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ጎርፍ ከየት? ግድብ ለቀውብን ነው!» አቦ፣ የምን ግድብ? ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ከላይዋ ያሉት ተራሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። ዝናቡ እዚያ ይወርዳል፣ የተራቆተው ዳገት አይመጥም፣ ውሃው ደረቁን የወንዝ አሸዋ ተከትሎ ይወርዳል። እናንተ ፀሐይ እየሞቃችሁ ደራሽ ጎርፍ ይደርሳል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ መጥቶ ከ250 በላይ ነፍስ ወሰደ። ስለዚህ የወንዙ አሸዋ ላይ የምትነግዱ፣ ሰማይ አትዩ፣ ደንገጎን እዩ!

እኔን ብትጠይቁኝ ግንዛቤ ማለት ይሄ ነው፦ ላይ ያለ ገበሬ ውሃ ሲነሳ ለማን ይደውላል? ሌሊት ስልኩን ማን ያነሳል? ኔትወርክ ከሌለ ሁለተኛው ሰው ማን ነው? ላይ ያለው ገበሬ ኦሮምኛ እየተናገረ የአማርኛ ባነር ሰቅሎ ፎቶ መነሳት ግን ግንዛቤ አይደለም። (ላይክ ግን አድርጉ፣ ሰብስክራይብም።)

ችግኝስ? ይተከል፣ ግን ፍየል የማይገባበት ቦታ ላይ፣ ትሬንቹ ከንፈር ላይ። ያለ ጥበቃ የተተከለ ችግኝ የፍየል ምሳ ነው።

ድርጅቱን ስትጠይቁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሪፖርቱ ላይ ለክትርና ለትሬንች ስንት ሰው ስንት ቀን ሠራ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሟል? ለስልጠና አበል ከድንጋይ ሥራው በላይ ከወጣ፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። በሚቀጥለው ስለ ፍየሎቹ እናወራለን፤ ኮሜንት ላይ ጠበቃ የሆናችሁላቸው እንዳትቀሩ።